ማን ሞተ? በምን ሞተ?

(ለመሠረተ ትምህርት አድማጮች በራዲዮ የተነገረ፤ ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የቀረበ)



 እኔ በከፋ ዞን፣ በቦንጋ አካባቢ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ቀን ቀን ሕፃናትን አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ሞት ነው። «ምነው መምህር፣ በዚህ ምሽት ስለ ሞት?» እንዳትሉኝ። የማነሣው ሞትን ቢሆንም፣ የምፈልገው ሕይወትን ነው። ሞት ለማንም አይቀርም። ነገር ግን ሰው በስንት ዓመቱ እንደሚሞትና በምን እንደሚሞት ከዘመን ወደ ዘመን ይለወጣል። ከቦታ ወደ ቦታም ይለያያል። መንግሥት የጤና ዕቅድ ሲያወጣ የሚያየው ይህን ነው። ጤና ኬላው የት ይሠራ? የትኛው መድኃኒት ይገዛ? ምን ዓይነት ባለሙያ ይሠልጥን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ማን እንደሞተና በምን እንደሞተ ሲታወቅ ነው። ያልተቆጠረ ሞት ግን በዕቅድ ውስጥ አይገባም። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በእኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አንዲት እናት የጻፉት ቁጥር

አንድ ማታ በክፍላችን ቁጥር እንለማመድ ነበር። «እያንዳንዳችሁ የልጆቻችሁን ብዛት በደብተራችሁ ላይ ጻፉ» አልኩ። ሁሉም ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንዲት እናት ብቻ እርሳሳቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«እማማ፣ ምነው? ቁጥሩ ጠፋብዎት?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ፣ ቁጥሩስ አልጠፋኝም። የሞቱትን ጨምሬ ነው ወይስ ያሉትን ብቻ?» አሉኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም የምመልሰው አጣሁ። በመጨረሻ «ሁለቱንም ይጻፉ» አልኳቸው። እርሳቸውም 7 ብለው ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ 4 ብለው ጻፉ። በክፍላችን መቀነስን ገና አልጀመርንም ነበር። እኒህ እናት ግን መቀነስን ከእኔ አልተማሩትም። ሦስቱ የጎደሉት ከእቅፋቸው ነው።

ከትምህርት በኋላ አብረን ስንሄድ ነገሩኝ። የመጀመሪያዋ ሴት ልጃቸው በኩፍኝ ሞተች። ሌላው ልጃቸው በተቅማጥና በትውከት ሞተ። ሦስተኛው ደግሞ በተወለደ በማግስቱ፣ ስም ሳይወጣለት አለፈ። ባለቤታቸውም ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐርፈዋል። «ደህና አምሽቶ ተኛ። ጠዋት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው። ሳምንት አልቆየም» አሉኝ።

እነዚህ አራት ሞቶች የአንድ ቤት ኀዘን ናቸው። ነገር ግን የብዙ ቤት ታሪክም ናቸው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ሞት፦ ኩፍኝ

ኩፍኝ በክትባት የሚከለከል በሽታ ነው። በአገራችን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። የእኒህ እናት ልጅ የሞተችው ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ልጅቱ የሞተችው ክትባቱ በአገራችን ከተጀመረ ከ8 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ታዲያ ለምን ሞተች? ክትባቱ ወደ አገር ቢገባም ወደ እርሳቸው ቀበሌ ስላልደረሰ ነው።

አያችሁ፣ አንድ ነገር «ተጀመረ» ማለትና «ደረሰ» ማለት አንድ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የጤና ዳሰሳ ተደርጎ ነበር። ዳሰሳ ማለት ከየአካባቢው ቤቶች ተመርጠው፣ ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ጠይቀው የሚመዘግቡት ጥናት ነው። በዚያ ጊዜ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት ከ100 ሕፃናት 14 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ዳሰሳ ግን ቁጥሩ ወደ 43 ከፍ ብሏል። ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና ሳይሟላላቸው ቀርተዋል።

ሁለተኛው ሞት፦ ተቅማጥ

ሁለተኛው ልጅ በ1986 ዓ.ም. በተቅማጥ ሞተ። በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን የሚሞተው ከሰውነቱ ውኃና ጨው ተሟጦ ስለሚያልቅ ነው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው፣ የጠፋውን ውኃና ጨው ይመልሳል። መከላከያውም ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ችግሩ ግን ይህን የሚያስተምርና ዱቄቱን የሚሰጥ ሰው በቀበሌው አለመኖሩ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሕፃናት የሚሞቱት በአብዛኛው በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ፣ በወባ፣ በኩፍኝና በምግብ እጥረት እንደሆነ ታወቀ። እነዚህ በሽታዎች ትልቅ ሆስፒታል አይጠይቁም። የሚጠይቁት ቅርብ የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከ30 ሺህ በላይ ሠለጠኑ። ለ3,000 እስከ 5,000 ሰው አንድ ጤና ኬላ እንዲኖር ታቀደ።

በመጀመሪያ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን እንዲያክሙ አልተፈቀደላቸውም ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩት ነበር። ጤና ጣቢያው ሩቅ የሆነበት ሕፃን ግን መንገድ ላይ ይቀራል። የሳንባ ምች ከዋነኞቹ የሕፃናት ገዳዮች አንዱ መሆኑ ስለታየ፣ በ2002 ዓ.ም. መመሪያው ተለወጠ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጤና ኬላዋ መድኃኒት እንድትሰጥ ተፈቀደላት። ልብ በሉ፤ የሞት ቁጥር መመሪያን ለወጠ።

ውጤቱስ ምን ሆነ? አንድ ሺህ ሕፃናት በአንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ይታዩአችሁ። በ1992 ዓ.ም. ዳሰሳ መሠረት ከእነዚህ መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 166 ነበሩ። ይህ ከስድስት ልጆች አንዱ ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. 123 ሆነ። በ2003 ዓ.ም. 88፣ በ2008 ዓ.ም. 67፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 59 ሆነ። ይህ ከ17 ልጆች አንዱ ማለት ነው። ከስድስት አንዱ የነበረው ከአሥራ ሰባት አንድ ሆነ። ይህ በእናቶች፣ በጤና ሠራተኞችና በመላው ሕዝብ ድካም የተገኘ ነው።

ሦስተኛው ሞት፦ ስም ያልወጣለት ልጅ

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል።

በተወለደ በ28 ቀን ውስጥ ያለ ሕፃን ጨቅላ ይባላል። በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት በጨቅላነታቸው የሚሞቱት 49 ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 29 ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. ዳሰሳ ደግሞ 33 ሆነው ተገኙ። እንግዲህ እናስላ። ቀድሞ ከሞቱት 166 ሕፃናት መካከል ጨቅላዎቹ 49፣ ማለትም ሲሦ የማይሞሉ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ግን ከሞቱት 59 መካከል 33ቱ ጨቅላዎች ናቸው። ይህ ከግማሽ በላይ ነው።

ምን ማለት ነው? ኩፍኙንና ተቅማጡን እየገፋን ስንሄድ፣ የሕፃናት ሞት ወደ መጀመሪያዎቹ ቀኖች ተሰበሰበ። ጨቅላ የሚሞተው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ በወሊድ ጊዜ ታፍኖ ወይም በእትብቱ በኩል ቁስል ገብቶበት ይሞታል። ይህን ክትባት ብቻውን አይመልሰውም። የሠለጠነች አዋላጅ ያስፈልጋል። መብራትና ውኃ ያለው ጤና ጣቢያ ያስፈልጋል። አምቡላንስ ያስፈልጋል። ምጥ ለጠናባት እናት ደግሞ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሆስፒታል ያስፈልጋል። ሞቱ ሲለወጥ ዕቅዱም መለወጥ ያለበት ለዚህ ነው።

እናትና ልጅ በዚህ ጊዜ አንድ ናቸው። ልጁን የሚያድነው እናቱንም ያድናል። በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 ሕፃናት ውልደት 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ እንደነበር ተገምቷል። በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱትም በ1992 ዓ.ም. ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. 48 ሆኑ። ነገር ግን ከከተማ እናቶች 70ዎቹ በጤና ተቋም ሲወልዱ፣ ከገጠር እናቶች 40ዎቹ ብቻ ነበሩ።

የጤና ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ። የመጀመሪያው በቤት ውስጥ ነው፤ «ትንሽ እንይ፣ ይሻላታል» እየተባለ ጊዜ ያልፋል። ሁለተኛው በመንገድ ነው። ሦስተኛው በሕክምና ቦታው ነው፤ ባለሙያው፣ መድኃኒቱ ወይም ደሙ ሳይገኝ ይቀራል።

እናንተ የከፋ ሰዎች ሁለተኛውን መዘግየት ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የእኛ አገር ደንና ዝናብ ነው። ዝናቡ ቡናችንን፣ ኮረሪማችንንና እንሰታችንን ያለመልማል። መንገዱን ግን ጭቃ ያደርገዋል። ቦንጋ ከተማ ውስጥ የምትኖር እናት ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ለመድረስ ብዙ አትደክምም። በዴቻ ቆላ ወይም ከዋናው መንገድ ርቃ በምትገኝ ቀበሌ የምትኖር እናት ግን በቃሬዛ ተሸክመው ገደልና ወንዝ የሚያሻግሯት ሰዎች ያስፈልጓታል።

ለዚህ አንድ መላ አለ። ነፍሰ ጡሯ ምጥ ሳይመጣ፣ መውለጃዋ ሲቃረብ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳ በእናቶች ማቆያ ቤት ትቀመጣለች። በጉራጌ የሚገኘው የአታት ሆስፒታል ይህን የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል። አንዳንዱን የሠራው ሕዝቡ ራሱ እንጨትና ምግብ አዋጥቶ ነው።

አራተኛው ሞት፦ ደም ግፊት

የእኒያ እናት ባለቤት ደም ግፊት እንደነበረባቸው ማንም አያውቅም ነበር። እርሳቸውም አያውቁም። ደም ግፊት በድብቅ የሚቆይ በሽታ ነው። ራስ ምታት እንኳ ላይኖረው ይችላል። አንድ ቀን ግን የአንጎል ደም ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል።

በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ ዳሰሳ ከ100 ጎልማሶች 16 ያህሉ ደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። አብዛኞቹም ከዚያ በፊት ተለክተው አያውቁም። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከደረሰው 100 ሞት 39ኙ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነበር። እነዚህም የልብና የደም ሥር በሽታ፣ ስኳር፣ ካንሰርና የመሳሰሉት ናቸው።

«ይህ እኮ የሀብታም በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሀብታሙ ይለካል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ይኖራል። ድሀው ሳይለካ ይሞታል። ጤና ኬላዎቻችን መጀመሪያ የታሰቡት ለእናትና ለሕፃን ነበር። አሁን ደግሞ ደም ግፊት የሚለካና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚሰጥ ቅርብ ቦታ ያስፈልገናል። የቀድሞው ሸክም ሳይወርድ አዲስ ሸክም ተጨምሮብናል።

ያውም የቀድሞው ሸክም ተመልሶ ይመጣል። ወባን ተመልከቱ። አጎበርና መድኃኒት ሲሠራጭ የወባ ሞት በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ እስከ 2017 ዓ.ም. ጥቅምት ባለው ጊዜ ግን በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙና 1,157 ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። የጎጀብን ቆላ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አማካይ የሚሸፍነው

አሁን አንድ አዲስ ቃል እንማር፦ አማካይ። ሁለት ሰዎች ለምሳ ተቀመጡ እንበል። አንዱ አራት ቁራሽ ቆጮ በላ። ሌላው ምንም አልበላም። አማካዩ ሲሰላ «እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቁራሽ በሉ» ይላል። ሂሳቡ ልክ ነው። የተራበው ሰው ግን እንደተራበ ነው።

የሞት ቁጥርም እንዲሁ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ዳሰሳ ከዚያ በፊት የነበሩትን አሥር ዓመታት በየክልሉ አይቶ ነበር። ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በአዲስ አበባ 39 ነበሩ። በአፋር 125 ነበሩ። የእኛ ከፋ በዚያን ጊዜ በነበረበት በደቡብ ክልል 88 ነበሩ። አንድ አገር ነው፤ ዕጣው ግን አንድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከፋ ወደዚያ ገባ። ክልሉም ቢሆን አማካይ አለው። ዞኑም አማካይ አለው። ቦንጋና ዴቻ ቆላ በአንድ ቁጥር ሲደመሩ ሩቁ ቀበሌ ይሸፈናል።

ከቁጥር በስተጀርባ ከሚሸፈኑት ሰዎች መካከል የራሳችን ጎረቤቶች አሉ። በከፋ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። አብረናቸው አንበላም፣ ቤታችን አይገቡም የሚል ሰው ዛሬም አለ። እንግዲህ ሰውን ከማዕድ የከለከለ ሰው፣ በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ አጠገቡ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? የተናቀስ ሰው ልጁን ይዞ ለመምጣት አያመነታምን? በሽታ ጎሣ አይመርጥም። ኩፍኝ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ሲሻገር «ይህ የማን ቤት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። አንዱን ትተን ሌላውን ማዳን አንችልም።

ሌላው ልዩነት ትምህርት ነው። በ2008 ዓ.ም. ዳሰሳ ጨርሶ ካልተማሩ እናቶች መካከል በጤና ተቋም የወለደችው ከስድስቱ አንዷ ያህል ነበረች። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ከተማሩት ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ነበሩ። ያልተማረች እናት ልጇን ስለማትወድ ነውን? አይደለም! የተማረችው በአብዛኛው ከተማ ትኖራለች፤ ገንዘብም ይኖራታል። ከዚህም ሌላ የክትባት ካርዱን ቀን ታነባለች። የመድኃኒቱን ጽሑፍ ታነባለች። ባለሙያው ሲቆጣት «ለምን?» ብላ ለመጠየቅ ትደፍራለች። እናንተ ዛሬ በየማታው ደክሟችሁ የምትማሩት ፊደል ለዚህም ጭምር ነው።

ያልተጻፈ ሞት

ባለፈው ዓመት የዕድራችን ጸሐፊ ዓይናቸው ደከመና መዝገቡን እንድገለብጥላቸው ጠየቁኝ። ብዙ ዓመት የቆየ ደብተር ነው። የሟች ስም አለ፣ ቀን አለ፣ የተከፈለ ገንዘብ አለ። እያገላበጥኩ ስፈልግ የጨቅላ ሕፃን ስም አንድም አላገኘሁም። «ጨቅላ አይሞትም ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ ስንቱ! ለጨቅላ ጥሩንባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም። ስለዚህ አይጻፍም» አሉኝ።

ይኸው ነው ነገሩ። በእናቶቻቸው ልብ ውስጥ አሉ። በመዝገብ ላይ ግን የሉም።

የተጻፈ ሞት ምን እንደሚሠራ ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። በአገራችን የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ዘማቾቹ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ የፈንጣጣ ሕመምተኛ ሥዕል እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የታመመውን ይመዘግባሉ፤ በዙሪያው ያለውን ሕዝብ ይከትባሉ። በ1968 ዓ.ም. የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ፈንጣጣ በኢትዮጵያ የለም።

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ነው። በ1993 ዓ.ም. በከተማዋ የመቃብር ሥፍራዎች ሁሉ የሚቀበረው ሰው ዕድሜና ጾታ መመዝገብ ተጀመረ። ከመዝገቡ ምን ታየ? በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች በኤድስ ያለ ጊዜያቸው እየሞቱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ በዚያው የመቃብር መዝገብ ላይ የእነዚህ ጎልማሶች ቁጥር በፍጥነት ቀነሰ። መድኃኒቱ መሥራቱን የመሰከረው የቀባሪው ደብተር ነው።

ዛሬ ለሁላችንም የተከፈተ መዝገብ አለ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደትና የሞት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. በየቀበሌው ተጀምሯል። ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ፣ ሰው ሲሞት በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ይገባል። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የእናት ሞት ለብቻው ይጠየቃል። እናት ነፍሰ ጡር ሆና፣ ስትወልድ ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት 42 ቀኖች ውስጥ ብትሞት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤቱ መጥታ ትጠይቃለች። ይህ ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም። የቀጣይዋን እናት መንገድ ለማቃናት ነው። ስለዚህ አትደብቁ፤ ንገሯት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት አስቀድሞ ይመካከር። ማን ይሸከማል? ማን ስልክ ይደውላል? ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ይጠብቃል? ዕድራችን ሬሳ እንደሚሸከም ሁሉ ምጥ የያዛትንም ይሸከም። ለቀብር አንድ ሰው አይቀርም፤ ለቃሬዛም አይቅር።

ሁለተኛ፦ የተወለደው ልጅ ወዲያው ይድረቅ፣ በሙቀት ይያዝ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጥባ። እስከ ማግስቱ ድረስ ገላው አይታጠብ። እትብቱ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይደረግበት። መጥባት ካቆመ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም እትብቱ መግል ከያዘ ሳይውል ሳያድር ይወሰድ።

ሦስተኛ፦ ጎልማሶች ሁሉ ደም ግፊታችሁን አስለኩ። መድኃኒት የታዘዘላችሁ «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቋርጡ።

አራተኛ፦ የዕድራችሁን ደብተር አስፉት። ጨቅላም ይጻፍ። ያልተቀበላችሁት ጎረቤት ካለ ተቀበሉት። የቀበሌ ስብሰባ ሲደረግም ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። «መንገድ የለንም» ከማለት ይልቅ «በዚህ ዓመት ከቀበሌያችን ይህን ያህል እናት፣ ይህን ያህል ጨቅላ ሞተብን፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ ይህን ያህል ሰዓት ነው» ማለት ይበልጣል። ለጩኸት «እናያለን» ይባላል። ለተጻፈ ቁጥር ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

አድማጮቼ፣ እኒያ እናት ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። አሁን ስም ይጽፋሉ። በቅርቡ የሰባቱንም ልጆቻቸውን ስም እንዲጽፉ ሰጠኋቸው። ስድስቱን ጽፈው ቆሙ። «ለዚህኛው ምን ልጻፍ? ስም እኮ አልወጣለትም» አሉኝ። «የተወለደበትን ዓመት ይጻፉለት» አልኳቸው። ቀስ ብለው፣ በሰባተኛው መስመር ላይ 1994 ብለው ጻፉ። ከዚያም ደብተራቸውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «አሁን ተቆጠረ አይደል?» አሉኝ።

አዎ፣ ተቆጥሯል።

 

አዲስ ቃላት

ዳሰሳ፦ ቤት ለቤት እየተጠየቀ የሚደረግ ጥናት
ጨቅላ፦ ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን
አማካይ፦ ብዙ ቁጥሮች ተደምረው ለብዛታቸው ሲካፈሉ የሚገኝ ቁጥር
መመሪያ፦ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ ጽሑፍ

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የኩፍኝ ክትባት በአገራችን ተጀምሮ ሳለ ልጅቱ ለምን ሞተች?
2. ሦስቱ መዘግየቶች ምን ምን ናቸው? በቀበሌያችሁ የሚከፋው የትኛው ነው?
3. አማካይ ቁጥር ማንን ሊሸፍን ይችላል? ከአካባቢያችሁ ምሳሌ ስጡ።
4. በዕድራችሁ ደብተር ላይ የጨቅላ ሞት ይጻፋል? ካልተጻፈ ለምን?
5. ባለፈው አንድ ዓመት በመንደራችሁ የሞቱትን ሰዎች ዕድሜ በደብተራችሁ ጻፉ። በምን እንደሞቱም ጻፉ። ከዚያ በኋላ ተወያዩበት፤ ከእነዚህ ሊድን የሚችል የነበረው ማን ነው?